አያ ጎፈሬ ሥጋ አይበላም

«ሄዷል! ብርቱካን፣ ነይ እይልኝ፣ ሄዷል!»

ኢልሃም ከወንበሯ ብድግ ስትል ማውዙ ከጠረጴዛው ወድቆ በገመዱ ተንጠለጠለ። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ፌስቡክ ከፍተው የተቀመጡ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዞር ብለው አዩዋት። እሷ ማንንም አላየችም። የነብር ቆዳ ያገለደመው፣ ጠጉሩ የተንጨባረረው፣ ቆመጡን ትከሻው ላይ ያጋደመው የዋሻ ሰው ከኅዳር ወር ጀምሮ ከበረዶው ወንዝ ወዲህ ነበር የቆመው። ዛሬ ወንዙን ተሻግሯል።

ብርቱካን ከመቀበያው ጠረጴዛ ተነስታ መጣች። ኢንተርኔት ቤቱ የታላቅ ወንድሟ ነው፤ ከትምህርት በኋላ የምትጠብቀው ግን እሷ ናት። ስክሪኑን አየችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች።

«እሰይ» አለች። «አላልኩሽም?»

ኢልሃም አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ብርቱካን ትንሽ ዘግይታ አቀፈቻት። ኢልሃም ግን በዚያ ሰዓት ደስታ ስላሳወራት የጓደኛዋን መዘግየት ልብ አላለችውም።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ለዚያውም ያረጀ ያፈጀ ጨዋታ። ኢንተርኔት ከፍቶ ገጹን ለፈለገ ሁሉ በነፃ ይገኛል። አንድ የዋሻ ሰው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ፣ እባቡንና ባለክንፉን ጭራቅ በቆመጡ እየቀጠቀጠ፣ መንገዱ ላይ የተበተነውን ፍራፍሬና ሥጋ እየለቀመ ወደ ፊት ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ያገኘው የኢልሃም ወንድም ኡዘይር ነበር። ገና መልኩን እንዳየ «ይሄማ ከመካነ ብርሃን ለገበያ የወረደ አያ ነው» ብሎ ሳቀና «አያ ጎፈሬ» የሚል ስም አወጣለት። የብርቱካን አባት የመካነ ብርሃን ሰው ናቸው። «አባቴን ነው የምትሰድበው?» ብላ እስክሪብቶ ወረወረችበት።

ወንድምና እህት በአንድ ስም ነበር የሚጫወቱት። ጨዋታው የደረሱበትን ስለሚያስታውስ እሷ ያቆመችበትን እሱ ይቀጥላል፤ እሱ ያቆመበትን እሷ። ሁልጊዜ የሚቀመጡት መስኮቱ ሥር ባለው ኮምፒዩተር ላይ ስለነበር፣ ማሽኑ ራሱ የይለፍ ቃላቸውን ይዞላቸዋል።

ኡዘይር አስረኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣለትም። አንድ ዓመት ያህል ቅዳሜ ገበያ በሚገኘው የእናታቸው የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሜትር ይዞ ቆመ። አባታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱን የያዘችው ያቺ ሱቅ ናት። ኡዘይር ግን እዚያ በቆመ ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። ኅዳር ላይ አንድ ቀን፣ እዚሁ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሳለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት።

«በመተማ ልወጣ ነው። ለእማዬ ከሄድኩ በኋላ ንገሪያት።»

«አብደሃል?»

«ስሚኝ። ስልክ ደላሎቹ ይቀማሉ ይባላል። ግን ኢንተርኔት የሌለበት አገር የለም። አንድ ከተማ ስደርስ ገብቼ አያ ጎፈሬን አንድ ደረጃ አሳልፈዋለሁ። ከፍተሽ ስታዪው ደህና መሆኔን እወቂ።»

«ካልሄደስ?»

«ካልሄደማ ገና መንገድ ላይ ነኝ ማለት ነው።»

ከመተማ አንዴ ደወለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ፣ ፋሲካም አለፈ። ኢልሃም ከትምህርት ቤት ስትወጣ በየቀኑ ገጹን ትከፍታለች፤ አያ ጎፈሬ በረዶው ዳር ቆሞ ዓይኑን ያርገበግባል። እሷም ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። መጽሐፍ ስትገልጥ ፊደሉ አልገባ አላት። ባለፈው ሳምንት ብርቱካንን «ይሄ ሰውዬ ሳይንቀሳቀስ ፈተና ቤት አልገባም። ለማን ብዬ?» ብላት ነበር። የምሯን ነበር። እናም ዛሬ ተንቀሳቀሰ።

ኢልሃም እስከ ቅዳሜ ገበያ ድረስ አንዴም ሳትቆም ሮጠች።

እናቷ ወይዘሮ ሐዲጃ አንድ ጣቃ ጨርቅ ዘርግታ እየለካች ነበር። ልጇ እያለከለከች ስትገባ ሜትሩ ከእጇ ወደቀ።

«እማዬ፣ ኡዘይር ደርሷል! ከተማ ገብቷል!»

«ድምፁን ሰማሽ?»

«ድምፅ የለውም፣ እማዬ። ግን ምልክት አለን። ምልክቱን አደረገልኝ።»

ሐዲጃ ኢንተርኔትም አታውቅ፣ የዋሻ ሰውም አታውቅ። ልጇ ሁለቴ ካስረዳቻት በኋላም የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኡዘይር አንድ ቦታ ተቀምጦ በእጁ የሆነ ነገር ነክቷል። የነካ እጅ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው እጅ ነው። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ጣቃው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነሥታ ተምር ገዝታ ለጎረቤት ሱቆች ሁሉ ማደል ጀመረች። ጎረቤቶቿ ተምሩን ተቀበሉ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዲት ቅመም ሻጭ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ኢልሃም የደስታ እንባ መሰላት።

ማታ ሙስሊሙ ወደሚበዛበት ሰፈራቸው ወደ አዲስ ዓለም ሲመለሱ የብርቱካንን አባት ሙሉሰውን መንገድ ላይ አገኟቸው። የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ጎንደር ከገቡ ሃያ ዓመት ቢያልፋቸውም የመካነ ብርሃን አነጋገራቸው አልለቀቃቸውም።

«አያ ሙሉሰው! ልጄ ተገኘልኝ!» አለች ሐዲጃ ከሩቅ።

ሙሉሰው ቆሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

«ምነው… ማን ነገረሽ?»

«ኢልሃም ናት። በኮምፒዩተር አየችው።»

«በኮምፒዩተር» አሉ ቀስ ብለው። «ሸጋ ነው። ሸጋ ነው፣ ሐዲጃ። እግዜር ደጉን ያሰማሽ።» ከዚያም ሰላምታውን ሳይጨርሱ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከሳቸው ታይቶ አይታወቅም፤ ሙሉሰው የሰው ከብት እንኳ ደህና መሆኑን ሳይጠይቁ የማያልፉ ሰው ናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ አንድ ጥያቄ ተተከለ። ሐዲጃ ማታ ማታ ጫማዋን ሳታወልቅ «ዛሬስ ሄደ?» ትላለች። አንዳንድ ቀን «አልሄደም» ነው መልሱ። አንዳንድ ቀን ደግሞ «ሄዷል፣ እማዬ! ጫካውን አልፏል» ይሆናል፤ ያን ቀን ሐዲጃ እራቷን አጣጥማ ትበላለች። አንድ ልማዷ ግን አልተለወጠም። ኡዘይር ከሄደ ወዲህ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ የመጣ ይመስላትና በባዶ እግሯ ትሮጣለች። ስትከፍተው ወይ ወተት ያመጣ ሰው ነው፣ ወይ መብራት ቆጣሪ የሚያነብ። «ግባ» ትላለች እንደምንም ፈገግ ብላ። ስትመለስ እርምጃዋ የሌላ፣ የአሮጊት ይሆናል።

ሰፈሩም እንዲሁ ደግ ሆነ። የሂሳብ መምህሯ ሳትጠይቀው አስጠናት። የመስጊዱ ሼህ ሐቢብ መንገድ ላይ ሲያገኟት ራሷን ዳብሰው «ፈተናሽን ብቻ አስቢ፣ ልጄ» አሏት። የብርቱካን እናት እርጎ ላከችላት። ሁሉም ሰው ስለ ፈተናዋ ይጠይቃል፣ ሁሉም «በርቺ» ይላል። ኢልሃም ገረማት። ሚኒስትሪ የምትፈተነው እሷ ብቻ ናት እንዴ? የሆነ ሆኖ አጠናች። ወንድሟ እየሄደ ነው፤ እሷም መሄድ አለባት።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም ጀመረ። ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ኢልሃም መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ብርቱካን ገና አልመጣችም፤ ወንድሟ በር ላይ ቆሞ በስልክ ያወራል። አያ ጎፈሬ ዛሬ እሳተ ገሞራው ግርጌ ደርሷል። ኡዘይር ከሄደ ወዲህ ኢልሃም ጨዋታውን ነክታው አታውቅም ነበር፤ የሷ እጅ ከሱ እጅ እንዳይቀላቀል ብላ ዝም ብላ ታየዋለች እንጂ። ዛሬም ዝም ብላ ስታይ ቆየች። የስክሪኑን ሰማይ፣ ዛፉን፣ ደመናውን። ከዚያ የላይኛውን ጥግ።

ጥጉ ላይ ሁለት ትንንሽ ስዕሎች አሉ። አንዱ ፍራፍሬ ነው፤ ጎኑ ስንት እንደተለቀመ ይጽፋል። ሌላው አጥንት ያለበት ሥጋ ነው። የሥጋው ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዜሮ ነበር። አሁን አርባ ምናምን ይላል።

ኢልሃም ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቁጥሩን ነካችው፤ አቧራ መስሏት።

ያኔ መጫወት ሲጀምሩ ሥጋውን ልታነሳ ስትል ኡዘይር እጇን መታ አድርጎ ነበር ያስቆማት።

«ተይው! ማን እንዳረደው በምን አወቅሽ? ቢስሚላህ የተባለበት ይሁን፣ በስመ አብ የተባለበት ይሁን፣ በምን ለየሽው?»

«ጨዋታ እኮ ነው!»

«ጨዋታም ቢሆን። አያ ጎፈሬ አሁን የአዲስ ዓለም ልጅ ነው። ፍራፍሬውን ይብላ።»

ሲቀልድ ነበር፤ ሲቀልድም አልነበር። ጎንደር ውስጥ ሠርግ ላይ ድንኳኑ አንድ ቢሆንም ድስቱ ሁለት ነው። ማንም አይቀየምበትም፣ ማንም አይሳሳትም። እነሱም ሳይሳሳቱ ሥጋውን በዘለሉት ቁጥር ጨዋታው ከበዳቸው፤ ምክንያቱም የአያ ጎፈሬን ልብ፣ የጨዋታ ዕድሜውን፣ የሚሞላው ሥጋው ነው። ፍራፍሬ ብቻ የሚበላ የዋሻ ሰው አንድ እባብ ከነከሰው አለቀለት። አንዱን ደረጃ ለማለፍ ወር ይፈጅባቸው ነበር። የበረዶው ወንዝማ ጭራሽ አልተቻለም።

«ርቦት ይሆናል» አለች ኢልሃም ለራሷ። ቁርአን ቤት የተማረችው ትዝ አላት፤ ለተራበና ለተቸገረ ሰው የተከለከለውም ይፈቀድለታል። በረሃ ላይ ቢርበው፣ ጨዋታ ላይም ቢሆን እጁ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ይህን አስባ ራሷን ልታሳምን ምንም አልቀራትም። ግን ነገርን ነገር ያነሳዋልና ሌላ ነገር መጣባት። ባለፈው ሰሞን ከተማው ውስጥ መብራት ጠፍቶ ነበር። ያን ሰሞን አያ ጎፈሬ ንቅንቅ አላለም። መብራት የጠፋው ጎንደር ነው። ኡዘይር ያለበትን አገር የጎንደር መብራት ምን አገባው?

እጇን ከማውዙ ላይ አነሳች።

ብርቱካን ዝናብ የመታው ዩኒፎርሟን እያራገፈች ገባች። የብርቱካን ወንድም ጃንጥላውን ይዞ ሲወጣ ጠብቃ ኢልሃም ሳትዞር ጠየቀቻት።

«ሥጋውን ማን አነሳው?»

«የቱን ሥጋ?»

«አያ ጎፈሬ ሥጋ አይበላም።»

«እንዴ፣ ሥጋ ካልበላማ ልቡ በምን ይሞላል? ወንዙን እንዴት ብዬ…» አለችና ብርቱካን አፏን በእጇ ያዘች።

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል።

«እናንተ ሥጋውን እየዘለላችሁ ስታልፉ ጨዋታውን ስለማትችሉበት ነበር የሚመስለኝ» አለች ብርቱካን በመጨረሻ። እንባዋ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሏል። «አላወቅኩም፣ ኢሉ። ጾም ቢሆን ኖሮ እኮ እኔም አልነካውም ነበር። ሃምሳው ሆነና…»

ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ነገር ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«አልፈተንም አልሽኛ! የምርሽን ነበር፣ አውቅሻለሁ። ፈተናው እስኪያልፍ ብቻ ብዬ ነው።»

«ፈተናው እስኪያልፍ ምን?»

ብርቱካን መሬት መሬቱን አየች።

«ብርቱካን። ፈተናው ሲያልፍ ምን አለ?»

መልሱ ራሱ ተሰብስቦ መጣ። ሳይጠየቅ ያስጠናት መምህር። የሼህ ሐቢብ እጅ። እርጎው። ቅመም ሻጯ ወደ ዓይኗ የወሰደችው ነጠላ። የአያ ሙሉሰው ባርኔጣ። መርዶ እንዲሁ በዘፈቀደ እንደማይነገር ኢልሃም ታውቃለች። ሽማግሌዎች ይመክሩበታል፤ ቀን ይቆርጡለታል፤ ከዚያ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ተሰብስበው ሄደው ያረዳሉ። እስከዚያ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሰፈሩ ሁሉ ዝም ይላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ቤቱ ውስጥ ተፈታኝ ልጅ ካለች ደግሞ ፈተናው እስኪያልቅ ይጠበቃል። እሷም ራሷ አንድ ጊዜ መርዶ ላልደረሰው የክፍሏ ልጅ እንዲሁ ዝም ብላ ነበር። እርሳስም ሰጥታዋለች።

«መቼ ነው?» አለች።

«ሚያዝያ ላይ። አብሮት የሄደ ልጅ ተመልሶ ለሼህ ሐቢብ ነገራቸው። መኪናው በረሃ ላይ ተበላሽቶ… ውኃ አልቆባቸው…» ብርቱካን መጨረስ አቃታት። «እዚያው ቀብረውታል። አባቴና ሼህ ሐቢብ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ፈተናሽ ባለቀ ማግስት ሊመጡ ነው።»

ኢልሃም ለማልቀስ ሞከረች። እንባው አልመጣም። ኡዘይር በረዶውን አልተሻገረም፣ ጫካውን አላለፈም። ያን ሁሉ ቀን እሷ እልል ስትል እሱ አሸዋ ውስጥ ነበር። ብርቱካንን መምታት አማራት፤ ደግሞ እቅፏ ውስጥ መውደቅ አማራት። ሁለቱንም ሳታደርግ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ እናቷ አንድ ነጭ ጨርቅ አልጋ ላይ ዘርግታ በእጇ እየዳበሰች ነበር።

«ለዒድ ጀለቢያ ላሰፋለት ነው። ቢልክለት ሰው አይጠፋም አይደል? ቁመቱ ጨምሮ ይሆናል ብዬ ትንሽ አስረዘምኩት።» ቀና አለች። «ዛሬስ ሄደ?»

አሁን እናቷን የያዛት አንድ ቃል ብቻ ነው። ያንን ቃል ብትጥለው ሐዲጃ እዚህ ብቻዋን፣ የሚደግፋት ሰው በሌለበት፣ ነጩ ጨርቅ ላይ ትወድቃለች። የሚይዛት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ብቻ ናት።

«ሄዷል» አለች ኢልሃም። «ተራራ ሥር ደርሷል።»

ውሸቱ እንዲህ ቀላል መሆኑ አስጠላት። የብርቱካንም እንዲሁ ነው የጀመረው ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ፣ ለዛሬ ብቻ ተብሎ። ያን ሌሊት ትራሷን ነክሳ አለቀሰች፤ እናቷ እንዳትሰማ።

በፈተናው ቀን ፈተና ቤት ገባች። መግባቷ ራሷን ገረማት። አልገባም ማለት ትችል ነበር፤ ግን አያ ሙሉሰውና ሼህ ሐቢብ ለሷ ሲሉ ያን ሁሉ ጊዜ ዝምታውን ተሸክመዋል። ደግሞም አንድ ሌላ ነገር ገብቷታል። ፈተናው እስካላለቀ ድረስ እናቷ ወንድ ልጅ አላት።

ስለዚህ የመጨረሻውን ወረቀት ጨርሳም አልሰጠችም። ልጆቹ አንድ በአንድ እየሰጡ ወጡ። ውጪ ሲጮሁ፣ ሲሳሳቁ፣ አንዱ የአንዱን ዩኒፎርም በእስክሪብቶ ሲሞነጫጭር ይሰማል። እሷ መልሶቿን ታያለች፤ አታነባቸውም።

«ጨርሰሻል እኮ፣ ልጄ» አሉ ፈታኟ አጠገቧ ቆመው።

«ትንሽ ልቆይ?»

«ሰዓቱ አልቋል።»

ወረቀቱን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

ብርቱካን በር ላይ ትጠብቃት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም። ጎን ለጎን ትንሽ ከሄዱ በኋላ ብርቱካን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ ሐዲጃ ዛሬም ትጠይቅሻለች» አለች። «ከፈለግሽ ላሳልፈው። ለዛሬ ብቻ። ሥጋውን ሳልነካ።»

ኢልሃም ቆመች። ጓደኛዋ የምሯን ነው። ሥጋ ሳይበላ ያንን እሳት መሻገር እንደማይቻል እያወቀች፣ ሙሉ ከሰዓቱን ቁጭ ብላ ልትሞክርላት ነው። ኢልሃም እጇን ያዘቻት። በልቧ የነበረው ቁጣ እንዳለ ነው፤ ግን ከቁጣው ጋር ሌላም ነገር አለ።

«ተይው» አለች። «ይቁም።»

ከዚያ ወደ ቤት አልሄደችም። ሙሉሰው እህል መጋዘናቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩዋት ሊነሱ ቃጣቸውና መልሰው ተቀመጡ።

«አያ ሙሉሰው፣ ፈተናው አለቀ።»

«ሸጋ ነው፣ ልጄ። እንኳን በሰላም…»

«ነገ ስትመጡ በሩን አታንኳኩ።»

ሙሉሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዚህ ጊዜ መልሰው አላደረጉትም።

«እማዬ በር ሲንኳኳ ኡዘይር ይመስላታል» አለች ኢልሃም። «ሮጣ ነው የምትከፍተው። እሱ መስሏት ከፍታ እናንተን እንድታይ አልፈልግም። እኔ ክፍት አድርጌ እጠብቃችኋለሁ። ዝም ብላችሁ ግቡ።»

ሽማግሌው ማን እንደነገራት አልጠየቁም። «እሺ» አሉ ብቻ። «እሺ፣ እመቤቴ።» እንዲህ ብለዋት አያውቁም።

ሐዲጃ ዛሬ ሱቋን ቶሎ ዘግታ መጥታለች። ልጇ ፈተና የጨረሰችበት ቀን ነውና ሩዝ በሥጋ ሠርታ ጠበቀቻት። ጀለቢያው ተሰፍቶ መጥቷል፤ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጫማዋን አላወለቀችም።

«ዛሬስ ሄደ?»

ኢልሃም ጀለቢያውን አየችው። ሄዷል ማለት ትችላለች። አንድ ሌሊት ነው። ግን ነገ ጠዋት እናቷ ይህን ምሽት ታስታውሰዋለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ታስታውሰዋለች።

«አልሄደም፣ እማዬ። ቆሟል።»

ሐዲጃ ልጇን ልታጽናና ፈለገችና ፈገግ አለች።

«ካልሄደ ገና መንገድ ላይ ነኝ ብሎሽ የለም?»

«ብሎኛል።»

«እንግዲያማ መንገድ ላይ ነው። ነይ፣ ብይ።»

ኢልሃም ተቀመጠች። መጀመሪያ ግን እናቷን አጎረሰቻት። ደግማ አጎረሰቻት። «ምን ሆነሻል ዛሬ? አንቺ ብይ እንጂ!» አለች ሐዲጃ እየሳቀች። ኢልሃም ትሪው እስኪጎድል ድረስ እጇን አላቋረጠችም። ነገ፣ ከነገም ወዲያ፣ ይህችን ሴት እህል ቅመሽ ብሎ የሚያስቀምሳት እንደሌለ ታውቃለች።

ሁልጊዜ ሲመሽ በሩን መቀርቀር የኢልሃም ሥራ ነው። ወጣች። ዝናቡ አባርቷል፤ ግቢው ረጥቧል። መቀርቀሪያውን በእጇ ያዘችው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር።

«ቀረቀርሽው?» አለች እናቷ ከውስጥ።

«እኔ አለሁ፣ እማዬ» አለች ኢልሃም። መቀርቀሪያውን ሳትገፋው ለቀቀችና በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ነፋስ እንዳያንኳኳው ከሥሩ ድንጋይ አስደገፈችለት።